ዘጠኝ ብቻ

በእኛ ፎቅ በአንድ ግድግዳ የተለያየን ሁለት ተመራማሪዎች አለን፤ መትረየስና እኔ። መትረየስ የምንለው በዓመት ከአሥር የማያንስ የምርምር ጽሑፍ ስለሚተኩስ ነው። እኔ ሰውነት በሽታን እንዴት እንደሚከላከል ማጥናት ከጀመርኩ አሥራ ስምንት ዓመት ሆነኝ፤ ያሳተምኩት ዘጠኝ ነው። እናቴ ይህን ስትሰማ፣ "ዘጠኝ ብቻ? እኔ ያልተማርኩት እንኳ በዚያ ጊዜ ሰባት ልጅ ወልጄ አሳድጌያለሁ!" ብላ ሳቀችብኝ።

ትሳቅ፤ አላፍርም። በኔ ላቦራቶሪ አንድ ደንብ አለ፦ ደሙን የሚመረምር ሰው የማን ደም እንደሆነ አያውቅም። የበሽተኛውም የጤነኛውም ብልቃጥ ስሙ ተሸፍኖ ይመጣል። ከዚያ ሌላ ሰው ሥራውን ከሀ ጀምሮ ይደግመዋል። ሁለቱ ካልተስማሙ አይጻፍም። ተማሪዎቼ፣ "በዚህ አያያዝ ሳንመረቅ እናረጃለን" እያሉ ያጉረመርማሉ። እኔም "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" እልና ወደ ሥራቸው እመልሳቸዋለሁ።

ዘንድሮ ግን ነገሩ ከረረ። ፎቁ ለሙሉ ፕሮፌሰሮች ብቻ ይሁን ተባለ። የማዕረግ ኮሚቴው ካላሳለፈኝ ላቦራቶሪዬ ለሌላ ይሰጣል፤ ለዓመታት ያጠራቀምኩት የደም ናሙናም መግቢያ ያጣል።

በቀጠሮው ቀን አንገቴን ቀና አድርጌ ገባሁ። ከኮሚቴው አባላት አንዱ መትረየስ ነበር፤ ቀና ብሎም አላየኝ።

ሰብሳቢው፣ ሁላችንንም ያስተማሩት ሽማግሌ፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አደረጉ። "ዶክተር፣ ሥራሽ ንጹሕ ነው። ግን በጣም አነሰ። ደከምኩበት የምትይውን ይህን ጽሑፍ እንኳ ሌሎች ተመራማሪዎች የጠቀሱት አርባ ጊዜ ብቻ ነው።"

ያ ጽሑፍ ስለ አንድ አንቲቦዲ፣ ሕዋስ ላይ ተጣብቆ ስለሚለይ ፕሮቲን፣ ነው። ሁሉም ላቦራቶሪ እየገዛ አንድ ዓይነት የደም ሕዋስ ብቻ ለይቶ ይይዛል ብሎ ይጠቀምበት ነበር። ስም ሸፍነን ስንሠራ ያገኘውን ሁሉ የሚይዝ ሆኖ ተገኘ። ሌሎቹ የማን ደም እንደሆነ እያወቁ ስለሚመረምሩ፣ ማየት የፈለጉትን አይተው ነበር።

"ፕሮፌሰር፣ ያንን ጽሑፍ ያነበበ ሰው የጀመረውን ሥራ ይተዋል" አልኳቸው። "የተተወ ሥራ ደግሞ አይታተምም፤ ካልታተመ እንዴት ይጠቅሰኛል?"

"ታዲያ ያልተጻፈውን በምን እንቁጠርልሽ? ማስረጃ አለሽ?"

አልነበረኝም። ማስረጃ የሌለውን ነገር ደግሞ አልናገርም። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የገዛ ደንቤ አስጠልቶኝ አያውቅም። ሰብሳቢው ብዕራቸውን አነሱ።

መትረየስ ጉሮሮውን ጠረገ። አለቀልኝ አልኩ በሆዴ።

"አንድ ማስረጃ አለ" አለ። "በዚያ አንቲቦዲ የሠራሁት ጽሑፍ ነበረኝ። ከሠራሁት ሁሉ ትልቁ እሱ ነበር። የሆስፒታላችን የሕፃናት ክፍል የትኛው ልጅ ጠንካራውን መድኃኒት እንደሚወስድ በኔ ውጤት ሊለይ ተዘጋጅቶ ነበር። ልልከው ስል የሷን አነበብኩ። እንደሷ ስም ሸፍኜ ደገምኩት።"

"እና?"

"ውጤቱ የለም። ባዶ። ለሐኪሞቹ አቁሙ አልኳቸው፤ ጽሑፉን ጣልኩት።"

"አንተ? አንተ ጽሑፍ ጣልክ?" አሉ ሰብሳቢው፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሱ ግን አልሳቀም።

"እነዚያ ልጆች ያንን መድኃኒት በከንቱ ከመውሰድ ተረፉ" አለ። "እሱን ቁጠሩላት።"

ሳቁ ቀጥ አለ። ሰብሳቢው ብዕሩን አስቀምጠው፣ "ትለፍ የምትሉ እጅ አውጡ" አሉ። ሁሉም አወጡ።

ኮሪደሩ ላይ ሮጬ ደረስኩበት። "ለምን እስከ ዛሬ አልነገርከኝም?"

"ፕሮፌሰርነቴን ሁለት ዓመት አዘገየሽብኝ እኮ! ተናድጄብሽ ነበር።"

"አሁንስ?"

"አሁንም ተናድጃለሁ" አለና የላቦራቶሪዬን በር ከፈተልኝ። "ግን ልክ ነበርሽ።"