በእኔ ድምፅ

አዋላጅ ነርስ ሆኜ ከደብረ ማርቆስ ጭሮ ስመደብ የማውቀው ኦሮምኛ «አከም» የሚለው ሰላምታ ብቻ ነበር። አራት ዓመት ቆይቼም ከጥቂት ቃላት አላለፍኩም፤ እናቶቹ ሲስቁብኝ አብሬ እስቃለሁ። ባለፈው ሳምንት ግን በየሰዉ ስልክ አንድ ድምፅ ተሰራጨ። ድምፁ የእኔ ነው፤ ሳቄ ሳይቀር። «ለነፍሰ ጡር የምንሰጠው መርፌ መካን ያደርጋል» ይላል፣ በሚያስቀና ኦሮምኛ። በማሽን የተሠራ ነው ብዬ ብምል ብገዘት ማን ይስማኝ!

ዛሬ ጠዋት በቀበሌው አዳራሽ ስለ አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ሕግ የሕዝብ አስተያየት ሲሰበሰብ እጄን ቀድሜ አወጣሁ።

«ይታገድልን!» አልኩ።

ጫት ነጋዴው ፋሩቅ ተነሳ። «ወላሂ፣ ሕጉ ሲወጣ መጀመሪያ የሚዘጋው የእኛ አፍ ነው» አለ። ግማሹ አጨበጨበለት።

ከኋላ አንዲት ሴት፣ «ኦሮምኛ አልችልም እያለች ስትሰልለን ኖራለች ለካ!» አለች። አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ፈራሁ።

ከሰዓት በኋላ ቶሌሳ ደወለ። ሚስቱን ሎሚን የማክማት እኔ ነኝ፤ መውለጃዋ ደርሷል፣ ደም ግፊትም አለባት። «ራሷን ይፈልጣታል፣ ዓይኗ ብዥ ብሏል፣ ሆስፒታል ግን አልሄድም አለች» አለኝ። በባጃጅ በረርኩ። ፊቷ አብጧል።

«ኮቱ ሎሚ፣ ኮቱ» እያልኩ፣ «ነይ» ለማለት በማውቃት አንዲት ቃል ለመንኳት።

«አታሹፊብኝ ሲስተር» አለች በአማርኛ። «በስልኩ እንዳወራሽው አውሪኝ።»

ጎረቤቶቿ በሩን ሞልተውታል። የእኔ አይደለም ብዬ ስከራከር ሴትዮዋ ልትሞትብኝ ነው። እንዴት እንደሚሠራ ለማየት፣ የሰው ድምፅ አስመስሎ በሌላ ቋንቋ የሚናገር መተግበሪያ ስልኬ ላይ ጭኜ ነበር። «ኦሮምኛ ሰው ፊት አላወራም፤ በስልክ ልላክልሽ» አልኳትና ወጣሁ። በአማርኛ ጻፍኩ፦ «ያኔ የተናገርኩት ስህተት ነው። መርፌው ያድንሻል። ተነሺ።» በእኔ ድምፅ፣ በኦሮምኛ ሠርቶ ሰጠኝ። ለቶሌሳ ላክሁለት።

ሎሚ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ሰማች። ድምፁ ከጻፍኩት በጣም ይረዝማል። አለቀሰች፤ ከዚያ ሻሿን አስራ ባጃጁ ውስጥ ገባች። በሩ ላይ የቆሙት፣ «እሷው ናት፤ አላልናችሁም?» ተባባሉ።

መንገድ ላይ እጄን ጥብቅ አድርጋ ያዘችኝ።

«ቃልሽን እንዳትረሺ፣ ሲስተር።»

«አልረሳም» አልኳት። ምን ቃል እንደገባሁላት ግን አላውቅም።