ቤቱ ነው የጠጣው

መጠጥ ከተውኩ ወዲህ ችግሬ መጠጥ አልነበረም፤ ማደሪያ ነበር። ከጠበል ስመለስ እህቴ በሩን ገርበብ አድርጋ አየችኝና «ዳንክ? እግዚአብሔር ይመስገን!» ብላ መልሳ ዘጋችው። አልፈርድባትም። ሬዲዮዋንም የባሏንም ካፖርት ሸጬ የጠጣሁት እኔ ነኝ። ጓደኞቼ ሊያስጠጉኝ ፈቃደኞች ነበሩ፤ ግን እነሱ ዘንድ እንግዳ የሚቀበሉት በመለኪያ ነው።

በመጨረሻ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጓድ ዋቅጅራ ቦሌ፣ ከአየር ማረፊያው ጀርባ፣ አንድ ክፍል ቤት ሰጡኝ። አውሮፕላን ባረፈ ቁጥር ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል፤ ወለሉ አፈር ነው፤ በሩ ግን ይቆለፋል። የራሴን ቁልፍ ከያዝኩ ስንት ዘመኔ! ቀድሞ የኖሩበት ወይዘሮ አለም ጠላ ሻጭ ነበሩ፤ ናዝሬት ልጃቸው ዘንድ ሄደዋል። ለእኔ ጠላ ቤት መስጠት ሥጋን ለጅብ አደራ መስጠት ቢሆንም ሌላ ባዶ ቤት አልነበረም።

«ዋስ አምጣ» አሉኝ ጓድ ዋቅጅራ። «ቤቱ ውስጥ መጠጥ ከተገኘ አንተም ትወጣለህ፣ ዋስህም ያፍራል።»

ለእኔ ማን ዋስ ይሆናል? እዚያው ግቢ ውስጥ የሚኖሩ እትዬ መኪያ የሚባሉ በርበሬ ነጋዴ፣ የወሎ ሰው፣ ከላይ እስከ ታች አዩኝና «እኔ እሆነዋለሁ» አሉ። ሳያውቁኝ ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው «አለም ዘንድ የሚመጣው ሰካራም ብዙ ነበር፤ አንተ ግን አንድ ነህ» አሉኝ።

የገባሁ ዕለት እሑድ ነበር። ቤቴን ጠረግኩ፤ ዕቃዬን አጠብኩ። ዕቃ ስል ጠበል ስጠጣ የከረምኩባት ጣሳ ናት። ትድረቅ ብዬ አጥሩ ላይ ቀጥ ብሎ በቆመ እንጨት ጫፍ ደፋኋትና ገብቼ የአፈሩ መደብ ላይ ተቀመጥኩ።

ብዙም ሳይቆይ ሁለት ሰዎች ሳያንኳኩ ገብተው አጠገቤ ቁጭ አሉ። ጎረቤት እንኳን ደህና መጣህ ሊለኝ መጣ ብዬ ሆዴ ባባ። ለካ ሰው አለኝ!

«በል ቅዳ እንጂ!» አለኝ አንደኛው።

«ከጠበል በቀር ምንም የለኝም።»

«ቀልደኛ ነህ» ብለው ሳቁ።

ሦስተኛው ሲገባ ግን አወቅኩት። ረታ ነው፤ የድሮ የመጠጥ ጓደኛዬ። ጣሳዬን ከአጥሩ አውርዶ ይዟታል።

«አንተ ተወልደ! ስትጠጣ ከርመህ አሁን ደግሞ መሸጥ ጀመርክ?»

«ምኑን?»

«ጠላውን ነዋ! ጣሳ ሰቅለህ ምኑን ትለኛለህ?»

ያን ጊዜ ገባኝ። እንጨት ላይ የተደፋ ጣሳ ጠላ ደርሷል፣ ግቡ ማለት እንደሆነ ሸገር ውስጥ የማያውቅ ሕፃን የለም። እኔማ ከመገናኛ እስከ ኦሎምፒያ የተሰቀለ ጣሳ ሁሉ ሲጠራኝ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ በጭጋግ እንኳ ምልክቱን ስቼው አላውቅም። የራሴን በገዛ እጄ ሰቅዬ ግን እንግዳ መጣልኝ ብዬ ደስ አለኝ። አመል ያወጣል ከመሐል ይሉ የለ? እኔን ገና ሳልገባ ሊያስወጣኝ ነው።

«ጠላ የለም፤ ውጡልኝ!» አልኩ። ሁለቱ እያጉረመረሙ ወጡ። ረታ ግን ደግ ሰው ነው። «ለቤትህ ምርቃት» ብሎ ከኮቱ ኪስ አረቄ አወጣና ጣሳዋን ሞልቶ አስያዘኝ። ሽታው ሲመታኝ አፌ ምራቅ ሞላ። ፈለግኩት። ከቤቱም ከቁልፉም አብልጬ ፈለግኩት፤ ጣሳዋም ከደረቴ አልፋ ነበር።

ይሄኔ ከደጅ የጓድ ዋቅጅራ ድምፅ መጣ። «ይህ ሰውዬ ጠላ ቤት ከፈተ አሉ!»

«ወላሂ እሱ አይጠጣም!» አሉ እትዬ መኪያ። «ዋሱ እኔ አይደለሁም እንዴ?»

ገብተው ሳያዩኝ ነው የማሉልኝ። ጣሳዋን ወለሉ ላይ ገለበጥኳት። አፈሩ ወዲያው መጠጠው።

ጓድ ዋቅጅራ ገቡና አየሩን አሸተቱ። «ይህ ሽታ ምንድን ነው?»

ሰካራም ሊመልሰው ከሚችለው ሁሉ የባሰውን መለስኩ። «እኔ አይደለሁም፣ ጓድ። ቤቱ ነው የጠጣው።»

ረታ ጣራውን ማድነቅ ጀመረ። እትዬ መኪያ ፊቴ መጥተው ቆሙ። «አብሽር። እስቲ እፍ በልብኝ» አሉኝ። ጠብታ ሳልቀምስ የጠጣሁ መሰለኝ። እፍ አልኩ። ለዓመታት የወይዘሮ አለምን ደንበኞች ትንፋሽ ሲያሸቱ የኖሩ ሴት ናቸው፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ።

«ሰውየው ንጹሕ ነው» አሉ። «ጠበል የሚያስፈልገው ቤቱ ነው።»

ጓድ ዋቅጅራ ሳቃቸው አመለጣቸው። ረታን ከነጠርሙሱ ክንዱን ይዘው ወጡ። እኔም የተረፈችኝን ጠበል ወለሉ ላይ ረጨሁ፤ እትዬ መኪያ ደፍ ላይ ቆመው «እዚያም ጥግ ጨምር፣ አለም ጋኗን የምታስቀምጠው እዚያ ነበር» እያሉ አሳዩኝ። ጨርሼ ጣሳዋን አጥቤ ስወጣ ከእጄ ወሰዷት።

«ይህችን እኔ በር ላይ አደርቃታለሁ። መኪያ ጠላ ጠመቀች ብሎ የሚመጣ የለም።»

ገብቼ በሬን ቆለፍኩና አለቀስኩ። ሰክሬ ስንቱን ቀን አልቅሻለሁ፤ ሳልሰክር ግን የመጀመሪያዬ ነበር።