የእድሩ ድንኳን ነቀዝ

ፊልጶስ አዲስ አበባ ሄዶ ነቀዝ መግደል ተምሮ የተመለሰ ዕለት፣ ንፋስ መውጫ ላይ ከባጃጅ ሲወርድ ያየው ሰው ጳጳስ የመጣ ነው የመሰለው። የጋዝ መከላከያ ጭምብሉን ገና ከመናኸሪያው አጥልቆታል። ሰላም ሲሉት በጭምብሉ ውስጥ ያጉረመርማል። ያን ጭምብል ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም እንኳ አላወለቀውም ይባላል፤ ሚስቱም መልኩን ረስታዋለች።

የገበሬዎች ማኅበሩ ባቄላ ወደ ውጭ ሊላክ መጋዘን ሞልቶ ነበር። ገዢዎቹ አንድ ሕያው ነቀዝ ካገኙ ጭነቱን ከነመኪናው ይመልሱታል። አይፈረድባቸውም፤ የጋይንት ነቀዝ አንዴ ከሰፈረ ነቅሎ አይወጣም። ባቄላው ከተመለሰ ደግሞ ፊልጶስ ከሥራው ይባረራል፣ ጭምብሉንም ያስረክባል። እሱን እንቅልፍ የነሣው ይኸው ጭምብሉ ነው።

«አደራ ፊልጶስ፣» አሉት የማኅበሩ ሊቀመንበር ወይዘሮ አመተ ማርያም፣ «የስንት ገበሬ ላብ ነው።»

«እትዬ፣ እኔ ያጠንሁት ነቀዝ ነፍስ ይማር እንኳ አይባልለትም! ቆሞ የሚሄድ ከተገኘ ያምጡት፣ እኔው እበላዋለሁ።»

በሰው ሁሉ ፊት ነው የማለው።

ሥራው ራሱ ከባድ አይደለም። ጆንያው በወፍራም የፕላስቲክ ሸራ ይሸፈናል፣ ጠርዙ በአሸዋ ይደፈናል፣ ከሥር የተቀመጠው ክኒን የሚያወጣው ጋዝ ሳምንት ሙሉ ታፍኖ ይቆያል። ችግሩ ሸራው የለም። ፊልጶስ ስማዳ፣ ከወገዳ ወዲያ ላሉት አማቱ ለአያ አዱኛ ወስዶ የገብሳቸውን ክምር ሸፍኖላቸዋል። ያለ ወቅቱ የመጣው ዝናብ የጎረቤቱን ክምር ሁሉ ሲያበሰብስ የአያ አዱኛ ብቻ ደረቅ ሆኖ ተገኘና፣ «አማች ማለት እንዲህ ነው!» ተባለለት። ከዚያ በኋላ ሸራውን መልሱልኝ ለማለት አንደበት ከየት ይምጣ?

ፊልጶስ ግን የእድሩም ዕቃ ቤት ኃላፊ ነው። የለቅሶውን ድንኳን አውጥቶ ባቄላውን አለበሰው። አቡጀዲ ነው፤ በቀዳዳው ፍየል ከነግልገሏ ታልፋለች። ጋዙ ገና ከክኒኑ ሳይወጣ የደብረ ታቦርን መንገድ ይዟል። ነቀዞቹ ትንሽ ሞቅ አላቸውና፣ አየር ፍለጋ ወደ ድንኳኑ ስፌት ወጥተው ተኙ።

በማግስቱ ሊነጋጋ ሲል የእድሩ ጡሩንባ ተነፋ። እማሆይ ጽጌ አርፈዋል። ፊልጶስ ከአልጋው ዘሎ ማንም ሳያየው ድንኳኑን ገፈፈ፤ ሳያራግፍ ጠቅልሎ ለቅሶ ቤት አደረሰ። ከዚያ ወይዘሮ አመተ ማርያም ዘንድ ሄደ።

«አልቋል። መኪናውን ይጥሩ።»

«ሳምንት ይፈጃል አላልህም እንዴ?»

«እሱ ለሌላው ነው።»

ከቀብር መልስ ለቅሶተኛው ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጠ፤ ንፍሮ ታደለ። ፀሐይ አቡጀዲውን ስታሞቀው በስፌቱ የተኙት ነቁ። መጀመሪያ አንዱ አለቃ ወልደ ገብርኤል ጥምጣም ላይ ዱብ አለ፤ ሌላው ንፍሮው ላይ፤ ከዚያማ የሐምሌ ዶፍ ነው። ጃንጥላ የዘረጋም ነበር አሉ።

ወይዘሮ አመተ ማርያም ከንፍሯቸው አንዱን አንሥተው መዳፋቸው ላይ አኖሩት። ጥቂት ተንገዳገደና መንገዱን ቀጠለ።

«ፊልጶስ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«ሬሳ ነው።»

«ሬሳው ክንዴ ላይ እየወጣ ነው!»

«የሞተ ሁሉ ወዲያው መሄዱን አያቆምም፣ እትዬ። ትምህርቱ ላይ አለ።»

«ምነው ታዲያ፣» አሉ አለቃ ወልደ ገብርኤል ጥምጣማቸውን እያራገፉ፣ «ትምህርትህን ለእማሆይ ጽጌም ባደረስህላቸው? አሁን እግራቸውን ዘርግተው አብረውን ይቆረጥሙ ነበር።»

ሐዘንተኛው ሳቁን በነጠላ ሸፈነ። ወይዘሮ አመተ ማርያም ግን መዳፋቸውን ፊልጶስ ጭምብል ድረስ አስጠጉ። «በል፣ ምለሃል።»

 ፊልጶስ ድንገት በጭምብሉ ውስጥ ጮኸ። «ጾመ ነቢያት አይደለም እንዴ! ነፍስ ያለው ነገር አልቀምስም! አለቃ፣ ይፍረዱኝ እንጂ!»



«ነፍስ አለው አልህ?» አሉ ወይዘሮ አመተ ማርያም ቀስ ብለው።

አለቃ ፈረዱ። «ጾም አይገደፍም። ለገና ይቆየው።»

መኪናው ባዶውን ተመለሰ። ጭምብሉን እዚያው አስወለቁት፤ ሚስቱ፣ «ይኼ ነበር እንዴ?» አለች። ሸራውን እንዲያመጣም ስማዳ ሰደዱት። አያ አዱኛ ከነጎረቤቶቻቸው ቆመው እያዩት፣ ደመናው እንደገና ሲጠቁር፣ ያለበሰውን ክምር በገዛ እጁ ገፈፈው።

«አማች ማለት እንዲህ ነው፣» አሉ አያ አዱኛ፣ ጋቢያቸውን እየተከናነቡ።

ነቀዙን ከአንድ ፍሬ ባቄላ ጋር ብርጭቆ ደፍተውበት የእድሩ ዕቃ ቤት አኖሩት። ለገና ሲከፈት፣ ከየት እንዳገባ እግዜር ይወቅ፣ ከነልጅ ልጆቹ ተገኘ። ፊልጶስ ሲፈለግ ታሞ እስቴ ለጠበል ሄዷል ተባለ። ምኑን እንደታመመ የጠየቀ የለም፤ ነቀዞቹ ግን ደኅና ናቸው።