የናሳሌቩ እሺታ

የደሴት አገራችን ዋና ከተማ ሱቫ ውስጥ ባለ አንድ የሕዝብ ፖሊሲ ትምህርት ቤት በየወሩ የሚወጣውን «ዜናና ስኬት» የሚባል ገጽ የምጽፈው እኔ ነኝ። ኡናይሲ እባላለሁ። ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ማን ተመረቀ፣ ማን ተሸለመ፣ የትኛው ሚኒስትር ጎበኘን፣ የየትኛው መምህር ጥናት የት አገር ታተመ፤ ይህን ስለቅም ነው ዕድሜዬ ያለቀው። በእኔ ገጽ ላይ ሰው አይሞትም። ፕሮጀክት አይከሽፍም። ሁሉም ጥርሱን አውጥቶ ፎቶ ይነሳል። ከዚያ ሁሉ ዜና አንዱ ግን አጎቴን ገደለ። ዜናውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ከመጻፌ በፊት ነገሩን ያደረግሁትም እኔው ነኝ። ልንገራችሁ፤ ብቻ እንዳታጽናኑኝ። መጽናናት ሰልችቶኛል።

የእናቴ አገር ናሳሌቩ ከባሕሩ ጠርዝ ላይ ያለ መንደር ነው። ባሕሩ በየዓመቱ እየገፋ መጥቶ የመቃብሩን አጥር በላው፤ ዳሎ የምንለውን የጎደሬያችንን ማሳ ጨው አደረገው። ትምህርት ቤታችን ደግሞ እንዲህ ያሉ መንደሮችን ወደ ከፍታ የሚያዛውር ዕቅድ ነበረው፤ ዲናችን ዶክተር ካምላ ናንድ አራት ዓመት የለፋችበት። መጥፎ ዕቅድ አልነበረም፣ አልዋሽም። አንድ ነገር ብቻ ጎደለው፤ የመንደሩ እሺታ። መምህሮቻችን ሁለት ጊዜ ሄደው ሁለቱንም ጊዜ «እናስብበታለን» ተብለው ተመለሱ። እኛ ዘንድ «እናስብበታለን» ምን ማለት እንደሆነ የማይገባው ዶክተር ብቻ ነው።

አንድ ቀን ካምላ የምሳ ቂጣዋን፣ ሮቲዋን፣ እንደያዘች ጠረጴዛዬ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች።

«አንቺ ለካ የናሳሌቩ ቫሱ ነሽ?»

«ማን ነገረሽ?»

«ሾፌሩ። ይሄን ያህል ጊዜ ስንንከራተት ዝም ብለሽ ታይናለሽ? አይ አንቺ!»

ካምላ የሕንድ ዘር ብትሆንም እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናት፤ ቫሱ ምን እንደሆነ ሊነገራት አያስፈልግም። ቫሱ የእኅት ልጅ ነው። የእኅት ልጅ በእናቱ ወንድሞች አገር እጁን ያሳረፈበት ነገር ሁሉ የእሱ ነው፤ እምቢ የሚለው የለም። ስምንት ዓመቴ ላይ ለሠርግ የታሰረች አሳማ አይቼ «ይቺ የእኔ ናት» አልኩ። በቃ፣ የእኔ ሆነች። ሙሽሮቹ ዓሣ በሉ። አጎቴ ኢሞሲ ያንን እያነሱ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲስቁ ኖሩ።

«ቫሱ እምቢ አይባልም» አለች ካምላ። «ሂጂና አንድ ቃል ጣይልን፣ በናትሽ። እሺታቸው ካልተገኘ ፕሮጀክቱ ከሁለት ወር በኋላ ይዘጋል።»

ደስ አለኝ። አፈር ልብላና ደስ አለኝ። ዘጠኝ ዓመት የሰው ስኬት ስጽፍ ኖሬ፣ አንዴ እንኳ የራሴን ስም ልጽፍ ነዋ!

በጀልባ ሄድኩ። አጎቴ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ ከበራቸው ላይ ጮኹ።

«ዘራፊዋ መጣች! ማካሪታ፣ ዶሮዎቹን ደብቂ!»

«ዶሮ ምን ይሠራላታል!» አለች ሚስታቸው አክስቴ ማካሪታ፣ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች። «አንተኑ ጭና ትሄዳለች እንጂ።»

አጎቴ የጎሳው አለቃ ነበሩ። መሬቱ የጎሳው ነው፤ እሳቸው ካሉ አለቀ። ወንዶቹ ተሰብስበው ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። ያመጣሁትን፣ ተወቅጦ በውኃ የሚጠጣውን የያንጎና ሥር እንደ ወጉ ፊታቸው አኑሬ የመጣሁበትን ተናገርኩ። መጠጡ ተበጥብጦ ጽዋው ዞረ። አጎቴ ጠጡ፣ አፋቸውን ጠረጉ፣ ከዚያ በበሩ አሻግረው ዳገቱን ሲያዩ ቆዩ።

«ያ ዳገት...» አሉ። «አባቴ እዚያ ላይ ካሳቫ እንኳ አላስተከለንም። ውኃ ሲጠግብ ይሄዳል ይሉ ነበር።»

«መሐንዲሶቹ አይተውታል አጎቴ። ቆፍረው ለክተውታል።»

«በዝናብ ነው በበጋ?»

«በበጋ።»

«በበጋማ እኔም ደረቅ ነኝ» አሉ፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። እሳቸው ግን ሳቁ ሳያልቅ ወደ እኔ ዞሩ።

«ኡናይሲ፣ ይህን የምትለምኚኝ አንቺ ነሽ ወይስ ቢሮሽ?»

እዚህ ላይ ነው። ነገሬ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። «ቢሮው ነው» ብል ኖሮ «እናስብበታለን» ብለው፣ አጠጥተው፣ አንድ እስር ዓሣ አስይዘው ይሸኙኝ ነበር። በሩን ከፍተውልኝ ነበር እኮ! አልገባኝም ነበር ብል ዓይኔን ግንባር ያድርገው።

«እኔ ነኝ፣ አጎቴ» አልኩ።

መዳፋቸውን ጎድጎድ አድርገው ሦስት ጊዜ አጨበጨቡ፤ እኛ ዘንድ ቃል የሚጸናው እንዲህ ነው። «እንግዲያው አለቀ። ቫሱ ጠየቀች።» ወንዶቹም ተከትለው አጨበጨቡ። ልጃቸው ቴቪታ ብቻ ተነስቶ ወጣ፤ ጀርባውን አየሁት።

«ናሳሌቩ በአንድ ስብሰባ በሙሉ ድምፅ ተስማማ» ብዬ ጻፍኩ። «በሕዝቡ ነፃ ፈቃድ ላይ የተመሠረተ» የሚል አከልኩበት። ካምላ ኬክ አስመጣች፤ ሰው ሁሉ «እንኳን ደስ አለሽ» አለኝ። እኔም ኬኩን ጥርግ አድርጌ በላሁ።

ሠላሳ አንድ ቤት ዳገቱ ላይ ተሠራ። ቆርቆሮው የሚያብረቀርቅ፣ የቧንቧ ውኃ ያለው ቤት። ቤተ ክርስቲያኑ ተራው ስላልደረሰ ከታች ባሕሩ ጋ ቀረ። ከገቡ በአራተኛው ወር አጎቴ ስልክ ደወሉልኝ።

«ወለሉ ተሰንጥቋል» አሉ። «መጀመሪያ ጣቴ ነበር የሚገባው። አሁን እጄ ይገባል።»

«ሌሎቹስ ቤቶች?»

«የላይኞቹ ሁሉ። ታች ያሉት የድሮ ቤቶቻችን ጣራቸው አለ እኮ። ዝናቡ እስኪያልፍ ብንወርድ ምን ይመስልሻል?»

ልብ በሉ፤ ያ ሽማግሌ፣ የጎሳ አለቃ፣ ከገዛ መሬቱ ወደ ገዛ ቤቱ ለመውረድ እኔን ያስፈቅዳል። ለምን? የጠየቅሁት እኔ ነኛ! ሳያስፈቅዱኝ ቢወርዱ እምቢ አሉኝ ማለት ነው።

ሮጬ ካምላ ጋ ሄድኩ። ቀና ሳትል ሰማችኝ።

«መሐንዲሶቹ ዝርዝር ውስጥ አስገቢው።»

«ይውረዱ ልበላቸው?»

«በዚህ ሳምንት? ኡናይሲ፣ ዕቅዳችንን ለሽልማት የሚያዩት ገምጋሚዎች እኮ ሊመጡ ነው። ባዶ ቤት ልናሳያቸው ነው? ትንሽ ይታገሱ በያቸው።»

ደወልኩ። «ትንሽ ታገሱ አጎቴ። መሐንዲስ ይመጣል» አልኩ።

«እሺ» አሉ። «አንቺ ካልሽ እሺ።» ከዚያ ስለ ጉልበቴ ጠየቁኝ፤ ያመኝ ነበርና።

ገምጋሚዎቹ መጡ፣ ፎቶ አነሱ፣ ሄዱ። መሐንዲሱ አልመጣም። ዝናቡ መጣ።

እሑድ ጠዋት ነበር። መንደሩ በሙሉ ለጸሎት ታች ወርዶ ነበር። የቴቪታ ልጅ ሚሊካ፣ የሰባት ዓመቷ፣ ትኩሳት ስላለባት አጎቴ «እኔ እጠብቃታለሁ፣ እናንተ ሂዱ» ብለው ከእሷ ጋር ቀሩ። ሁለተኛው መዝሙር ላይ ዳገቱ ሄደ። ድምፁን የሰሙ ሰዎች መርከብ ከዳርቻው የተላተመ መሰለን ይላሉ። ዘጠኝ ቤት ወሰደ። በአካፋ፣ በድስት ክዳን፣ በጥፍራቸው እስከ ከሰዓት በኋላ ቆፈሩ። አጎቴን በደረታቸው ተደፍተው አገኟቸው። ከሥራቸው ሚሊካ ነበረች። ሸፍነዋት ነበር፤ አላዳናትም። የሁለቱንም አፍ ጭቃ ሞልቶት ነበር። አክስቴ ማካሪታ በጣቷ ስታወጣ፣ ስታወጣ፣ እምቢ አልተው ብላ ሰዎች ጎትተው አስነሷት። ይህን የነገሩኝ ደርሼ ነው። እኔ በዚያ ሰዓት ሱቫ ልብሴን እያጠብኩ ነበር።

ከቀብር ተመልሼ ቢሮ ስገባ ሽልማቱን ማሸነፋችን ተሰምቶ ነበር። ካምላ በሩን ዘግታ አቀፈችኝ። ዓይኗ ቀልቶ ነበር፤ እሷም ሰው ናት፣ አልቅሳለች።

«ሦስት መቶ ቃል ብቻ» አለችኝ ቆይታ። «ለገጹ።»

«ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ሽልማቱ ስለ ስምምነቱ ነው። ሕዝቡን እንዴት እንዳስፈቀድን። ስለ አፈሩ አይደለም።»

«ስምምነት የለም ካምላ! እኔ ነበርኩ! ለእኔ ነው እሺ ያሉት!»

«ታዲያ አንቺ ማን ነሽ? የእነሱው ልጅ አይደለሽ?» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ሦስት ሌሎች መንደሮች ተራ እየጠበቁ ነው። ለእነሱም ቫሱ እንዲገኝ ሠራተኞቻችን ውስጥ የማን እናት ከየት እንደሆነች እየተጠየቀ ነው። ይሄንን ካቆምነው ባሕሩ ይበላቸዋል። የትኛውን ትመርጫለሽ?»

ቁጭ ብዬ እውነቱን ጻፍኩት፤ አራት መስመር ሆነ። ገጹ ሲወጣ አራቱ መስመሮች የሉም። «የናሳሌቩ ተሞክሮ ወደ ሦስት መንደሮች ሊሰፋ ነው» ይላል፤ ከሥሩ የእኔ ስም። ዘጠኝ ዓመት የተመኘሁት ስሜ ይኸውላችሁ።

ከቀብሩ በአሥረኛው ቀን ወደ ናሳሌቩ ሄድኩ። ከአባቴ ጎሳ የዓሣ ነባሪ ጥርስ ለምኜ ያዝኩ፤ እኛ ደም ያለበት ይቅርታ የምንጠይቀው በእሱ ነው። ቫሱ ላይኛው ምንጣፍ ላይ ነው የምትቀመጠው፤ እኔ ግን በሩ ሥር ጫማዎቹ መሃል ተንበረከክሁ። ቤቱ ከታች ያለው የአጎቴ የድሮ ቤት ነበር። ፊት ለፊቴ ቴቪታ ተቀምጧል፤ አሁን የጎሳው አለቃ እሱ ነው። አባቱንም ልጁንም የቀበረ ሰው።

ጥርሱን በሁለት እጄ ዘርግቼ ሁሉንም ተናገርኩ። ቢሮው ነው የላከኝ አልኩ። ዋሸኋቸው አልኩ። እንውረድ ሲሉኝ ታገሱ ያልኳቸው ለፎቶ ብዬ ነው አልኩ። ምላሴ እየተያያዘ፣ ንፍጤና እንባዬ እየተቀላቀለ ጨረስኩና ጠበቅሁ። ይትፋብኝ። ጥርሱን ወርውሮ ይፈንክተኝ። ይህን ለምኜ ነው የሄድኩት።

ቴቪታ ጥርሱን ተቀበለ። «ተቀብለናል» አለ። ይኸው ነው፤ ትንፋሽ የመውሰድ ያህል እንኳ አልቆየም።

አክስቴ ማካሪታ ክንዴን ይዛ ወደ ላይኛው ምንጣፍ አወጣችኝ። የዓሣ ጭንቅላት ፊቴ አቀረበች፤ የክብር ብልት። «ብዪ» አለችኝ። «ከስተሻል።»

«አክስቴ፣ ስደቢኝ!»

«ብዪ አንቺ፣ ይቀዘቅዛል።»

የቴቪታ ዓይን አንዴም ወደ እኔ አልዞረም። ያኔ ገባኝ፤ ይቅርታውንም የሰጡኝ እምቢ ማለት ስለማይችሉ ነው። ዳገቱን እንደሰጡኝ።

አክስቴ ቀስ ብላ «ሃያ ሁለት ቤት ገና እዚያ ላይ አለ» አለች። «ዝናቡ አልቆመም። ሰዉ ይውረድ ወይስ ይቆይ? ወንዶቹ አንቺን ነው የሚጠብቁት።»

በቀብሩ ቀን ቀና ብዬ ዳገቱን አላየሁም፣ ማንንም አልጠየቅሁም። ዳገቱ ላይ ሕፃናት ተኝተው፣ አሥር ቀን ሙሉ እኔን ይጠብቃሉ!

«ይውረዱ!» ብዬ ጮኽሁ። «ዛሬውኑ! አሁን!» ሁለት ወንዶች ወዲያው ተነስተው ወጡ። እንደዚያ ቀላል ነበር። ያኔም በስልክ እንደዚያ ቀላል ነበር።

የቴቪታን እጅ ያዝኩ። «አንድ ነገር ልለምንህ፤ የመጨረሻዬ ነው። ከእንግዲህ ምንም ብጠይቅ፣ ማንም ቢልከኝ፣ እምቢ በሉኝ። ቴቪታ፣ እምቢ በለኝ። አሁን በለው፣ ልስማው።»

ጣራው ላይ ዝናቡ ይሰማል። ቴቪታ አፉን ከፈተ፤ ቃሉ እስከ ከንፈሩ ደርሶ ነበር፣ እምላለሁ፣ ደርሶ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን አየው። ከዚያ እጁን ከእጄ አወጣ፣ መዳፉን ጎድጎድ አድርጎ ሦስት ጊዜ አጨበጨበ። የቀሩት ወንዶችም ተከትለው አጨበጨቡ።

«እሺ» አለ። «ቫሱ ጠየቀች።»