ለማይጫን እጅ

1.

ባለ ወርቃማ ክዳኑ አይሆንም።

ያምራል፣ ኪስ ላይ ሲሰካ ሥራ አስኪያጅ ያስመስላል፤ ግን ቀለሙ እንዲወርድ መጫን አለባችሁ። አባቴ መጫን አይችልም። ስለዚህ ወደ ሁለተኛው እንለፍ።

2.

ቆይ፣ ቆይ። እንዲህ ዘልዬ ከገባሁ ግራ ትጋባላችሁ።

ሰናይት እባላለሁ። የደሴ ልጅ ነኝ፤ ባንክ ቤት ገንዘብ ከፋይ ሆኜ እሠራለሁ። ይህን መጻፍ የጀመርኩት ርካሽ ርካሽ ጄል እስክሪብቶዎችንና ሪፊሎቻቸውን ለማወዳደር ነበር። የትኛው ይወርዳል፣ የትኛው ያጨማልቃል፣ የትኛው ቶሎ ያልቃል፤ በቃ ይኸው ነበር። ለባልደረቦቼ ቴሌግራም ላይ ለጥፌው ልገላገል ነበር። ከዚያ አባቴ መሃል ገባ። አባቴ ሁልጊዜ መሃል ይገባል።

3. አባቴ

አቶ ቸርነት ወልደየስ፣ ጡረታ የወጣ አስተማሪ። ባለፈው ክረምት ስትሮክ መታው። እግሩ ተመለሰለት፣ አፉም ተመለሰለት (አፉማ ከነምርቃቱ!)፣ ቀኝ እጁ ግን እንዳኮረፈ ቀረ። ማንኪያ ይይዛል፣ ከዘራ ይይዛል። እስክሪብቶ ሲይዝ ግን ጫፉ ወረቀቱን ነካ እያደረገ ያልፋል እንጂ አይጫንም። በተራው እስክሪብቶ ስሙን ሲጽፍ ወረቀቱ ላይ የሚቀረው ነጭ ጭረት ነው።

እኔ ደግሞ ላገባ ነው። ከዘሪሁን ጋር ለዳግማዊ ትንሣኤ ሰሞን ወሳኝ ኩነት ቢሮ ሄደን እንፈራረማለን። በእኔ በኩል ምስክር ሆኖ እንዲፈርም የምፈልገው አባቴን ነው። ሌላ ሰው አልፈልግም።

4. ምሳ ላይ የተባለ፣ ቃል በቃል

እኔ፦ አባዬ፣ እጅህ ካስቸገረህ እኮ በጣትም መፈረም ይቻላል። እኛ ባንክ ስንቱን በየቀኑ...

አባቴ፦ ምን አልሽ?

እኔ፦ በጣት...

አባቴ፦ እኔ? በጣቴ?

እናቴ (ከጓዳ)፦ ጉድ ፈላ!

አባቴ፦ ስሚ ሰኑ። በእጄ ከፈረምኩ እመጣለሁ። ካልፈረምኩ እዚሁ ቤቴ ቁጭ ብዬ እመርቅሻለሁ። ምርቃት እንደሆነ ሩቅም ይደርሳል።

እኔ፦ አባዬ፣ ያለ አንተማ አይሆንም!

እናቴ፦ ተይው ልጄ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

አባቴ፦ (ጉርሻውን በግራ እጁ ይጠቀልላል።)

5. ለምን እንዲህ እንደሚያደርገው

ወጣት ሳለ ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወደ አንድ የገጠር ቀበሌ ተልኮ ነበር። ተማሪዎቹ እናትና አባቱን የሚያህሉ ሰዎች ናቸው። አንድ ሰው ስሙን ሳይሳሳት የጻፈ ቀን ክፍሉ በሙሉ ይነሣል። አባቴ በጣሳ ውሃ ያመጣል፣ ሳሙና ያመጣል፣ የዚያን ሰው አውራ ጣት በገዛ እጁ ያጥባል። «ይቺ ጣት ከዛሬ ጀምሮ ቀለም አትነካም» ይላል። ከዚያ እልልታው ይቀልጣል።

እማማ ዘሀራ የሚባሉ ባልቴት ጣታቸው የታጠበ ዕለት፣ እንዳትቆሽሽ ብለው በሻሻቸው ጠቅልለዋት ዋሉ። በማግስቱ ስማቸውን በከሰል የገዛ በራቸው ላይ ጻፉት፤ ባላቸው ቢቆጡ፣ ቢቆጡ ማን ሰምቷቸው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ጣት ያጠበ ሰው የራሱን አውራ ጣት ቀለም ውስጥ ይንከር? እኔስ በምን አፌ ልበለው? ብዬው ነበር እንጂ። አፌን ቁርጥ ያድርገው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። አባቴ ሲያስተምር የማንንም እጅ ይዞ አያስጽፍም ነበር። «እጁን ይዘህ ካስጻፍከው የጻፍከው አንተ ነህ» ይላል። እኔንም ይዞኝ አያውቅም። ስሜን እስክችለው ድረስ አልቅሻለሁ። ይህቺን ያዙልኝ፣ በኋላ እፈልጋታለሁ።

6. እንድሪስ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር፣ ፒያሳ

እኔ፦ ሳይጫኑት የሚጽፍ እስክሪብቶ አለህ?

እንድሪስ፦ ለሕፃን ነው?

እኔ፦ ለአባቴ።

እንድሪስ፦ ለጋሽ ቸርነት? ኧረ አራተኛ ክፍል አስተምረውኛል! ኩርኩማቸው እስከ ዛሬ አለች። እንዴት ሆኑ ግን፣ ተሻላቸው?

እኔ፦ እጁ ነው ያስቸገረው።

እንድሪስ፦ እንግዲያ ጄል ነው የሚበጃቸው። ጄል አይጫኑትም፣ ራሱ ይወርዳል። ርካሽ ርካሹን ላሳይሽ? ወላሂ ከውዱ የሚለየው ስሙ ብቻ ነው።

ያለውን ሁሉ ባንኮኒው ላይ ዘረገፈው። አንድ አንድ ይዤ ወጣሁ።

7. ንጽጽር

ባለ ወርቃማ ክዳኑ። ከላይ ተናግሬያለሁ፤ አልደግመውም።

ባለ ጥንቸሏ። የልጆች ነው፤ ክዳኑ ላይ ጥንቸል ቁጭ ብላለች። ቀለሙ ይወርዳል፣ ችግሩ አይደርቅም። አባቴ እጁን ሲጎትት ጠረገው፣ ወረቀቱም ሸሚዙም ሰማያዊ ሆነ። «ይቺ ጥንቸል ደግሞ ምን ታፈጥብኛለች?» አለ። ወደቀች።

ቀጭኑ። ውይ ቀለሙ! ጫፉ ወረቀቱን ገና ከመሳሙ መስመሩ ወጥቷል፤ ወዲያው ይደርቃል። ግን አካሉ እንደ ስንደዶ ነው። ከአባቴ ጣቶች እየሾለከ ሦስት ጊዜ አልጋ ሥር ገባ፣ ሦስት ጊዜ ተንበርክኬ አወጣሁት።

ወፍራሙ ባለ ጎማ። መያዣው ለስላሳ ነው፣ ጣት ይይዝለታል። «ይኼ ሰው ነው» አለ አባቴ። ቀለሙ ግን ሁለት ፊደል ጽፎ ያርፋል፣ አንድ ይጽፋል፣ ያርፋል።

እዚህ ላይ ውድድሩ ተበላሸ። አሸናፊ የለም። አንዱ ደም አለው፣ አንዱ ሥጋ።

8. የቀጭኑን ሪፊል ወፍራሙ ውስጥ ለማግባት

ሁለቱንም ከጫፋቸው ፍቱ። ሪፊሉን፣ ማለት ቀለም ያለበትን ውስጠኛ ቱቦ፣ ከሁለቱም አውጡ። የወፍራሙን ጣሉት። የቀጭኑን ወፍራሙ ውስጥ ክተቱት።

ያጥራል። ጫፉ ወረቀት ሲነካ ወደ ውስጥ ይሸሻል።

አትናደዱ። ከሠርግ መጥሪያ ካርዳችሁ ላይ ጠርዙን ቀድዳችሁ ጠቅልሉና ከኋላው ወትፉት። (የሠርግ ካርድ ከሌላችሁ ማንኛውም ወፍራም ወረቀት ይሆናል፤ ግን እንደሱ አይሆንም።) መልሳችሁ ግጠሙ። ለምትወዱት ሰው ስጡ።

እናቴ በሩ ላይ ቆማ ታየናለች። «መጀመሪያ እስክሪብቶዎቹን ዳሩና ጨርሱ፣ ልጅቷ ትደርሳለች» አለች።

9. ሙከራ

ቸ

10. ሙከራ

ቸ

11. ሙከራ

ቸር

(እንድሪስ ዘንድ ሪፊል ልገዛ ሄድኩ። ጄል ሲወርድ ደግ ነው፤ ሲያልቅም እንደዚያው ነው።)

12. ሙከራ

ቸርነ

«አባዬ፣ ጫር ጫር አድርገህ ብትተወውስ? ፊርማ እኮ ነው።»

«የማይነበብ ፊርማ የሸሸ ሰው ነው» አለኝ።

13. ሙከራ

ቸርነት

እሰይ! እናቴ እልል አለች፣ ጎረቤት ደንግጦ መጣ። አባቴ ግንባሩ በላብ ርሶ ወረቀቱን አራቀና እንደ ተማሪ ደብተር አየው። «ር አጥራለች» አለ። ግን ደስ ብሎታል፣ ጆሮው ቀልቷል፤ ደስ ሲለው ጆሮው ይቀላል።

ከዚያ በኋላ ብርጭቆ እንኳ ማንሣት አቃተው። አንዴ ስሙን ከዳር ዳር ከጻፈ እጁ ለዚያ ቀን አለቀ ማለት ነው። ግድ የለም አልን። የሚፈርመው አንዴ ነው።

14.

አንዴ ነው ብለን ነበር።

15. ወሳኝ ኩነት

ቢሮው ጢም ብሏል። ከኋላችን ልደት የሚያስመዘግቡ፣ ሕፃን ያዘሉ፣ የቸኮሉ ሰዎች ተሰልፈዋል። አባቴ የሠርጉን ከረባትና አዲሱን ኮት ዛሬውኑ አድርጓል። እስክሪብቶው በደረት ኪሱ ነው።

የመዝገብ ሹሟ ሦስት ወረቀቶችን ደራርባ፣ በየመሃላቸው ካርቦን አግብታ፣ ጠረጴዛው ላይ አስተካከለችልን።

«አባባ፣ አንዴ ብቻ ነው። ሥሩ ካርቦን ስላለው ጠበቅ አድርገው ይጫኑት።»

ይጫኑት።

16.

ቀለሙን አወዳድሬያለሁ። ሪፊሉን፣ አካሉን፣ መያዣውን፣ አደራረቁን አወዳድሬያለሁ። ካርቦኑን ማን አሰበው! ባንክ ቤት ቀኑን ሙሉ በካርቦን የምሠራው እኔ ነኝ እኮ። ሳይጫኑት የሚጽፍ እስክሪብቶ ካርቦን አያሻግርም።

አባቴ ጻፈ። ቸርነት። ከሁሉም ሙከራ ያማረው ይኼኛው ነበር፤ ር እንኳ አላጠረችም።

ሹሟ የላይኛውን ወረቀት ገለጠች።

 

 

ነጭ።

17. ቃል በቃል

ሹሟ፦ አልተላለፈም እኮ አባባ።

እኔ፦ እጁ አይጫንም፣ አሞት ነው፣ ይቅርታ...

ሹሟ፦ ውይ፣ እግዜር ይማርዎ። ግድ የለም፣ በጣትዎ ይሁንልዎት። (የቀለም ፓዱን ከፈተች።)

አባቴ፦ ዝጊው የኔ ልጅ።

ሹሟ፦ እንግዲያ የቀሩትን ሁለቱን ለየብቻ ሊፈርሙ ነው።

ዘሪሁን፦ ካልሆነ ወንድሜ ውጭ አለ፣ እሱ በምስክርነት...

እኔ፦ ዘሪሁን፣ ዝም በል።

አባቴ፦ ወንበር አምጡልኝ።

18. ሁለተኛው ቅጂ

ተቀመጠ። እጁን በግራ እጁ አሸት አሸት አደረገ። ከኋላ አንዱ «ኧረ ቶሎ በሉ» አለ፤ ሕፃን ያዘለች ሴት ዞር ብላ ገላመጠችው።

«ይኼ ለማን ነው የሚሰጠው?» አለ አባቴ።

«አንዱ እዚህ ይቀራል፣ ይኼ የባል ነው» አለች ሹሟ።

አባቴ ዘሪሁንን ከእግር እስከ ራሱ አየው። «እንግዲያ በደንብ ልጻፍልህ፤ ኋላ አላውቅም እንዳትል» አለው። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ ዘሪሁንም ሳቀ፣ ዓይኑ ግን ቀልቶ ነበር።

ጻፈ። ፊደሎቹ ዳገት እንደሚወጣ ሰው ወደ ላይ ተንጠላጠሉ። ግን አራቱም አሉ።

ላቡን በነጠላዬ ጠረግኩለት። አባዬ ይቅር፣ እንሂድ ልለው ነበር፣ እሱ ግን ሦስተኛውን ወረቀት ወደ ራሱ ስቧል።

19. ሦስተኛው

ቸ

ር

ነ

ቆመ።

ጫፉ ወረቀቱ ላይ እንዳረፈ ቀረ። ጄል ቆሞ አይጠብቅም፤ ከሥሩ ነጥቡ ቀስ እያለ ሰፋ። አባቴ እጁን ያየዋል፣ እጁ አይሰማውም። እኔ ሁለት እጆቼን ብብቴ ሥር ቆልፌአቸዋለሁ፣ ወደ እሱ እንዳይሄዱ። እጁን ይዘህ ካስጻፍከው የጻፍከው አንተ ነህ። ያዙልኝ ያልኳችሁ ይህቺን ነበር።

ሹሟ ፓዱን አልከፈተችም። እጇን ክዳኑ ላይ ጭና ተቀመጠች።

«ይኼኛውስ?» አለ አባቴ፣ ቀና ሳይል። «ይኼኛው የማን ነው?»

«የሚስት ነው አባባ።»

«የሰኑ?»

«አዎ፣ የእሷ።»

ዞሮ አየኝ። አስተማሪው ሳይሆን አባቴ ነው ያየኝ።

«ታዲያ ምን ቆመሽ ታዪኛለሽ? ነይ ያዢኝ።»

ከኋላው ቆሜ፣ ጎንበስ ብዬ፣ እጁን ያዝኩት። ሞቃት ነበር፣ ቀላል ነበር። እንባዬ ትከሻው ላይ፣ በዚያ በአዲሱ ኮቱ ላይ ይወርዳል። ከባድ ነገር የማነሣ ይመስል ጥርሴን ነክሼ ጨመቅኩት።

«አትጫኚ» አለኝ። «ራሱ ይወርዳል።»

20.

ያ ቅጂ ከእኔ ዘንድ ነው። አራተኛዋ ፊደል የእሱን ጽሕፈት አትመስልም፣ የእኔንም አትመስልም። እዚህ ልጽፋት ሞከርኩ፣ በማተሚያ ፊደል እሷን አልሆን አለች።

ቦታዋን ትቼላችኋለሁ። እስክሪብቶ ፈልጉ፣ ርካሽም ቢሆን። የአንድ ሰው እጅ አጠገባችሁ ካለ ያዙት።

ቸርነ