አሥር ቀን ያለ ድምፅ

ሰኞ ጠዋት መምህርቷ ከእንቅልፏ ስትነቃ ድምፅዋ ጥርግ ብሎ ጠፍቷል። ሃያ ሦስት ዓመት ስትጮህበት የኖረችው ጉሮሮ በቃኝ አለ። ሐኪሙ «አሥር ቀን ሙሉ አንዲት ቃል እንዳይተነፍሱ፤ ማንሾካሾክም ክልክል ነው» ብሎ ወረቀት ጻፈላት። ዳይሬክተሩ ወረቀቱን አንብቦ ራሱን አከከ።

«እህቴ፣ የሚተካሽ ሰው ከየት ላምጣ? ዝም ብለሽም ቢሆን ግቢላቸው።»

ገባችላቸው። ሁለተኛ ክፍል፣ ሃምሳ አራት ልጆች። በዚያ ሰሞን በሒሳብ የሦስትን ማባዣ፣ በንባብ ደግሞ አጭር ታሪክ አንብቦ ጥያቄ መመለስን ይማሩ ነበር። መምህርቷ «ድምፅ የለኝም» ብላ ሰሌዳው ላይ ጻፈችና አፍ እንድትሆናት ሬዲዮን በጣቷ ጠራቻት።

ሬዲዮ የሚሏት ወሬ የማያልቅባትን ልጅ ነው። ማባዣውን እንደ ውኃ ጠጥታዋለች። «ሦስት በአራት?» ስትል ክፍሉ «አሥራ ሁለት!» ይላል፤ የተሳሳተውን አፍንጫውን ይዛ ታርመዋለች። መምህርቷ በልቧ «እፎይ፣ ዛሬስ ተገላገልኩ» ብላ ወንበሯ ላይ ዘፍ አለች።

የንባብ ሰዓት ሲደርስ አዲስ ገጽ ገልጣ ሰጠቻት። ሬዲዮ መጽሐፉን ከፍ አድርጋ ይዛ፣ ድምፅዋን ሞርዳ ጀመረች።

«አንድ ሰው ዓሣ ሊያጠምድ ወንዝ ወረደ።»

«ኧረ እንደዚያ አይልም!» ብሎ ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። መጽሐፉ የሚለው «ድልድዩ ተሰብሮ ነበር» ነው።

«ስቀልድ እኮ ነው!» አለች ሬዲዮ።

መምህርቷ ተነስታ የመጀመሪያው ቃል ላይ ጣቷን አኖረች። ልጅቷ ጣቱን አየች፤ ከጽሑፉ በላይ ያለውን የወንዝ ሥዕል አየች፤ ከዚያ ቀና ብላ የመምህርቷን ከንፈር ትጠብቅ ጀመር።

ያኔ ለመምህርቷ ነገሩ ገባት። ዓመቱን ሙሉ እሷ ቀድማ ታነባለች፣ ልጆቹ ይከተላሉ፤ ሬዲዮ በጆሮዋ ይዛ ትደግማለች እንጂ አንድ ቃል አንብባ አታውቅም። በጽሑፍ የሚሰጠውን የሒሳብ ጥያቄ ባዶውን ስትመልስ፣ መምህርቷ «ትኩረት የላትም» ብላ ሪፖርት ካርዷ ላይ ጽፋባታለች።

በእረፍት ሰዓት አስቀረቻት።

«ቲቸር፣ ለእማዬ አይንገሩብኝ» አለች ልጅቷ እንባዋ ግጥም ብሎ። «ፊደሎቹ ይመሳሰሉብኛል። ‹በ› ነው ስል ‹ሰ› ይሆንብኛል።»

መምህርቷ አልናገርም ለማለት ራሷን ነቀነቀች። ጠረጴዛው ላይ ያልታረመ ደብተር ተቆልሏል፤ ወገቧ ተቆርጧል፤ እዚያው ደፋ ብላ ብትተኛ በወደደች። ሆኖም ወረቀት ስባ «በ» እና «ሰ»ን ጎን ለጎን ጻፈች። ድምፁን ልትነግራት አትችልም፤ ልጅቷ ራሷ መፈለግ ነበረባት፤ መምህርቷ ልክ መሆን አለመሆኑን በአንገቷ ብቻ ታመለክታታለች። ፈለገች፣ ተሳሳተች፣ ተናደደች፣ እንደገና ፈለገች። ደወሉ ሲደወል አምስት ፊደል ለይታ ነበር።

አሥር ቀን እንዲህ አለፈ። በአሥራ አንደኛው ቀን የመምህርቷ ድምፅ እንደሻከረ ተመለሰ፤ በእረፍት ሰዓት ግን አፏን አልከፈተችም። ሬዲዮ ስለ ድልድዩ የሚያወራውን ገጽ እየተንተባተበች፣ እያላባት ጨረሰችው።

«ዓሣ የሚባል ነገር የለበትም ለካ!» አለች።

መምህርቷ በዚያው ሳምንት የቀሩትን ሃምሳ ሦስቱን አንድ በአንድ አስነበበች። ሌላ ማንበብ የማይችል ባይገኝ ደስ ባላት፤ ግን ሌሎች ስድስት ተገኙ። ከዚያ ወዲህ የእረፍት ሰዓት የሚባል ነገር ቀረባት። ጫማዋን አውልቃ ያበጠ እግሯን ዘርግታ ትቀመጣለች፤ ሰባቱ ዙሪያዋን ተጋፍተው በየተራ ያነባሉ። አንዳንዴ ዓይኗ ክድን ይላል። ሬዲዮ ያን ጊዜ ሌሎቹን «ቀስ በሉ እንጂ!» ትልና ንባቡን ዝቅ ባለ ድምፅ ታስቀጥላለች።