የእጅጋየሁ ሰዓት

እጅጋየሁ የደወለችልኝ አል ሻጢእ በሚባለው ሰፈር፣ የባሕሩ ዳርቻ ላይ፣ መኪናዬ ውስጥ ምሳዬን ስበላ ነው። እዚህ ዓረብ አገር፣ ደማም ከተማ፣ በአንድ ሆስፒታል አብረን እንሠራለን፤ እሷ ነርስ ናት፤ እኔ የኩላሊት እጥበት ማሽኖችን እጠግናለሁ።

«አንተነህ፣ ሰዓቴን ያዝልኝ።»

የትኛውን ሰዓት እንደሆነ ገባኝ። ዓርብ ዓርብ በጎረቤት ከተማ በኾባር፣ ጋሽ ጋሻው ቤት የሚሰበሰቡት ክርስቲያኖች የሰንሰለት ጸሎት ይዘዋል፤ አንዱ ሰዓቱን ሲጨርስ ለቀጣዩ ደውሎ ያስረክባል። በዚህ ሳምንት የሚጸልዩት ለእሷ ወንድም ለአድማሱ ነው። የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ አገር ቤት መንገድ ላይ ታግቶ ከተወሰደ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም።

እኔ ከሰንሰለቱ ወጥቻለሁ። ውጭ ተምሬ አገሬ ስመለስ ጦርነት ጠበቀኝ፤ እዚህ ስመጣ ደግሞ ዜናው ተከተለኝ። ስልኬን በከፈትኩ ቁጥር የሚጸለይለት ይበዛል፤ የሚለወጥ ነገር ግን አላይም። ይህንኑ ለጋሽ ጋሻው ነግሬያቸው ነበር።

«እጅጌ፣ እኔ እኮ ትቻለሁ። ሌላ ሰው ፈልጊ።»

«ሌላው ሁሉ ሥራ ላይ ነው። አንተ ምሳ ላይ ነህ፤ ስታኝክ ይሰማኛል።»

«አላምንም እያልኩሽ!»

«እመን መቼ አልኩህ? ያዝልኝ ነው ያልኩህ። ተንበርክኬ አፌ አልከፈት አለኝ። ሰዓቴ ባዶውን ካለፈ ወንድሜን የተውኩት ይመስለኛል። ደግሞ አትብላ፤ ጾም ይዘናል።»

ሳንድዊቹን ጠቀለልኩት።

ሙቀቱ ስለማይቻል ሞተሩን አላጠፋሁትም። ከልጅነቴ የማውቀውን ጸሎት ጀመርኩ፤ መሃል ላይ ጠፋብኝ። ከዚያ አድማሱን በስሙ ጠራሁት፤ የት እንዳለም ጠየቅኩ። የሚሰማኝ ያለ አልመሰለኝም፤ ይህንንም ጮክ ብዬ ተናገርኩ። ተናደድኩ። ሰዓቷ ስላላለቀ ግን ተመልሼ ስሙን ጠራሁ፤ ደግሜ ጠራሁ።

ሲያልቅ ለተረኛው፣ ለጋሽ ጋሻው ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ይረከቡኝ።»

«አንተ ነህ እንዴ?» አሉ በመገረም። «እንዴት ነበር?»

«ምንም አልነበረም። ማንም የሰማኝ አልመሰለኝም።»

«የእኔም ብዙ ቀን እንደዚያ ነው።» የቢሯቸውን በር ሲዘጉ ተሰማኝ። «በል አስረክበኝ።»

«አስረክቤያለሁ።»

ስልኩን ግን አልዘጋሁም። ከአድማሱ ወሬ የለም፤ የእጅጋየሁም አፍ ነገ ላይከፈት ይችላል።

«ነገ ይህ ሰዓት የማን ነው?»

«የእሷው ነው።»

«ካልቻለች ለእኔ ይደውሉልኝ።»

«እሺ። ጾም መሆኑን ነግራሃለች?»

«ነግራኛለች» አልኩና ሳንድዊቹን ወደ ኋላ ወንበር ወረወርኩት።